ሽርጥ፣ ኪልት ወይስ ሱሪ? ለድሬ ሙቀት የትኛው ይገዛ?

በግንቦት ከሰዓት በኋላ ጂንስ ለብሶ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ላቡ ጉልበት ሥር ይጠራቀማል፣ ሲወርድ ጨርቁ ጭኑ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ለሞተርና ለቢሮ ሱሪን የሚተካ የለም። ለቀረው ሰዓት ግን ሽርጥ አለ፤ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ሽንሽን ጉርድ፣ ኪልት፣ ኪስ ያለው የዘመኑ ዓይነትም አለ።

ነፋስ በማሳለፍ ሽርጥን የሚያህል አላየሁም። ከቀፊራ ገበያ የገዛችሁት ስስ የጥጥ ሽርጥ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል፤ ብትወፍሩም ብትከሱም ልክ ነው። ችግሩ ወገቡ ላይ ነው። ሁለት ጄሪካን ውሃ ይዤ ደረጃ ስወጣ ጥቅልሉ ላላብኝና መሃል ደረጃ ላይ ውሃውን አስቀምጬ እንደገና አጠበቅኩት። ኪስም የለውም።

ኪልት ለሁለቱም መላ አለው። ፊቱ ለጥ ያለ፣ ጀርባው ሽንሽን ነው፤ በቀበቶ ወይም በቁልፍ ጥብቅ ይላል፣ እርምጃም አይዝም። ብቻ ጨርቁን ሳታጣሩ እንዳትገዙ! ባህላዊው የስኮትላንድ ኪልት ከ7 ሜትር በላይ ሱፍ ይፈጃል፤ ለዚያ ብርድ የተሠራ ነው፣ እዚህ አይለበስም። ፖሊስተሩም ላብ አይመጥም። ስስ የጥጥ ካኪ ይሁን። እሱም ቢሆን ሽንሽኑ ድርብርብ ስለሆነ ሲቀመጡበት ከሽርጥ ይሞቃል።

ከኢንተርኔት የምታዙ የጂንሳችሁን ቁጥር አትስጡ። ብዙው ኪልት ከጂንስ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ስለሚታሰር ወገባችሁንና ዳሌያችሁን በሜትር ተለኩ፤ ቁመቱ ጉልበት ላይ ይብቃ።

እኔ ግን ማሰፋቱን እመርጣለሁ። ሐረር፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ስፌት መኪና ሲንገራገር ይውላል። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ ካኪ 2 ሜትር ግዙና በቁመቱ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ሲቀጠል 4 ሜትር ይሆናል፣ ለቀላል ኪልት በቂ ነው። ሽንሽኑ ከወገብ እስከ ዳሌ ይሰፋ፣ ከዚያ በታች ካውያ ብቻ ይምታው በሏቸው። ኪሱ ጎን ላይ ይሁን፤ ፊት ላይ ከሆነ ስልኩ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል።

«ቀሚስ ነው» የሚል አይጠፋም። ሽማግሌዎቹ በሽርጥ ገበያ በሚወጡበት አገር ይሄ ሊያሳስባችሁ አይገባም። ለሶላት ግን ሽርጣችሁን አትተዉ፤ ኪልት ጉልበት ላይ ስለሚያበቃ ሲሰግዱ ከፍ ይላል።