«ምልክት ያለው መንገድ» ብለው ለሚሸጡላችሁ ሰዎች ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም የአንድ ቀን ሃይኪንግ የሚሸጠው በዝቷልና፣ እኔ የተሸወድኩትን ልንገራችሁ።

«ወጨጫ ተራራ፤ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ልምድ ያለው አስጎብኚ፣ ምልክት የተደረገበት መንገድ፤ 1800 ብር» ይላል ማስታወቂያው። በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ላክን። ደረሰኝ የጠየቀ የለም፣ እኔም ጭምር። 1 ሰዓት ጦር ኃይሎች ተቀጣጥረን መኪናው 3 ሰዓት ከሩብ ተነሳ። መመለስ ያኔ ነበር።

በተራራው ጎን ያለውን የሱባን ጫካ መቼም አላማውም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተተከለ የሚባለው ጽድ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው ጉሬዛ... ለዚያ ብቻ ቢሆን ደግሜ እሄዳለሁ። ጣጣው የመጣው ወደ ላይ ስንወጣ ነው። እዚያ መንገድ የሚባለው ከብትና እንጨት ለቃሚ የረገጠው ነው፤ ትንሽ ሄድ ሲሉ ለሁለት፣ ለሦስት ይከፈላል። አስጎብኚ የተባለው ልጅ «ቀዩን ቀለም ተከተሉ» አለን። እውነትም አንዳንዱ ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም አለ። ተከተልነው፤ ገደል አፋፍ ላይ አደረሰን።

9 ሰዓት ላይ አንድ እረኛ አገኘን። አስጎብኚው ኦሮምኛ ስለማይችል ከመሀላችን አንዷ ጠየቀችው። እረኛው ሳቀ። ቀለሙ ዛፍ ሲቆጠር የተቀባ ነው አላት። አስጎብኚያችን እሱም ገና መምጣቱ መሆኑን ያመነው ያኔ ነው።

ወሩ ኅዳር ነው፤ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጅቡም ይወጣል፣ ስልካችን ኔትወርክ የለውም። እረኛው ከብቱን ለወንድሙ ትቶ አወረደን። አስጎብኚው በምስጋና ብቻ ሊሸኘው ሲል እኛው አዋጥተን ሰጠነው። (ምሳው ዳቦ በእንቁላል ነበር።)

ገንዘባችንን ስንጠይቅ «አድቬንቸር ማለት ይሄ ነው» ብለው ከግሩፑ አስወጡኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዤ ልክሰስ?

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ፣ አስጎብኚው የአካባቢው ልጅ ነው ወይ፣ ስንቴ ወጥቶታል፣ ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አናግሩት። «ስትመጡ ታገኙታላችሁ» ካሏችሁ ተዉት።

ትናንት ጓደኛዬ አዲሱን ማስታወቂያቸውን አሳየችኝ። አሁን ደግሞ የረር ተራራ ነው፣ ዋጋው 2200 ገብቷል። የለጠፉት ፎቶ የኛ ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ዛፍ ስር ቆሜ እስቃለሁ።