አፕል ቱ፣ ፔት ወይስ ቲአርኤስ-80? የ1977ቱን ኮምፒውተር ለምትገዙ

የድሮ ኮምፒውተር መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋሉ። ከዚያ በፊት ቤቱ ኮምፒውተር እንዲኖረው የፈለገ ሰው በአብዛኛው ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ራሱ እየበየደ ይገጣጥም ነበር። እነዚህ ግን ከካርቶን ወጥተው ሶኬት ላይ የሚሰኩ ናቸው።

ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ የሠራው ፔት 2001 (2001 የሞዴሉ ስም እንጂ ዓመት አይደለም) ለዓይን ነው። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ካሴት ማጫወቻው አንድ አካል ናቸው። ክዳኑ እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ይከፈትና በዘንግ ይደገፋል። ሳሎን ላስቀምጠው ለሚል ሰው ከዚህ የሚያምር የለም። ለመጻፍ ግን ያስቸግራል። ኮሞዶር ካልኩሌተር ይሠራ ስለነበር ቁልፎቹም የካልኩሌተር ቁልፍ ያህል ጥቃቅን ናቸው። 6540 የሚባሉት ቺፖቹ ደግሞ በብዛት ይበላሻሉ፤ በሌላ ተራ ቺፕ በቀጥታ አይተኩም። በፖስታ ማስላክም ያሰጋል፤ ከባድ ነው፣ ስክሪኑም መስታወት ነው።

ቲአርኤስ-80 የኪስ ነገር ላሳሰበው ነው። ሬዲዮ ሻክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ በየመደብሩ ከነስክሪኑና ከነካሴቱ በ599.95 ዶላር ይሸጠው ነበር። ፔት ባለ 8 ኪሎባይት ሚሞሪው 795 ዶላር ነበር። ቲአርኤስ-80 ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለመማር ይበቃል፤ ኪቦርዱም የወግ ኪቦርድ ነው። ቁልፉን አንዴ ነክታችሁት ሁለቴ ከጻፈ አትደንግጡ፤ የታወቀ ችግሩ ነው፣ መገናኛዎቹን ማጽዳት ይረዳል። ቀለም የለውም፤ ትንንሾቹን የእንግሊዝኛ ፊደላትም አያሳይም።

አፕል ቱ ሌላ ነገር ነው። ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ የሠራው የኮምፒውተሩ ሰርኪት ሰሌዳ ባለ ቀለም ነው፤ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው 8 ቦታዎችም አሉት። በ1978 ፍሎፒ ዲስክ፣ በ1979 ደግሞ ቪዚካልክ የተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም መጣለትና ቢሮ ገባ። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ስክሪኑ ነው። 280 በ192 ነጥብ አለው። ስለዚህ «ሀ»ን፣ «ጨ»ን፣ የፈለጋችሁትን ፊደል ነጥብ በነጥብ መሳል ትችላላችሁ። ፔት ላይ ያሉት ምልክቶች ቺፕ ውስጥ የታተሙ ናቸው፤ ሌላ አይጨመርም። የቲአርኤስ-80 ነጥቦች ደግሞ 128 በ48 ብቻ ስለሆኑ ፊደሉ የጡብ ክምር ይመስላል። በራሳቸው ፊደል መጫወት ለሚፈልጉ አበሾች ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ዋጋው ግን ያኔም ከባድ ነበር። 4 ኪሎባይት ብቻ ይዞ፣ ያለ ስክሪን፣ 1,298 ዶላር። ለዚህ ሥዕል ቢያንስ 16 ኪሎባይት ሚሞሪ ያስፈልጋል፤ ሻጩን መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው አሮጌ ካፓሲተር እንደተሰካ ሊጨስ ይችላል። ሳትሰኩት በፊት አስቀይሩት።

የ1977ቱ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካላላችሁ በቀር የኔ ምርጫ አፕል ቱ ኢ ነው። በ1983 ወጣ፤ 64 ኪሎባይት አለው፤ እስከ 1993 ስለተመረተም በቀላሉ ይገኛል። አብዛኛውን የድሮውን ፕሮግራም ያስኬዳል።

አሜሪካ ገዝታችሁ አዲስ አበባ የምትወስዱ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የ110 ቮልት ነው። በቀጥታ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር አብራችሁ ግዙ።