የሰፈራችን ሳኮ ከነምስጋና ፕሮግራሙ፦ ብድሩ አሪፍ ነው፣ ሽልማቱ ላይ ግን ቅር ብሎኛል

ሰላም የባህር ዳር ሰዎች። "ሳኮ ልግባ ወይስ ባንክ ይሻለኛል" እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ሳኮ ማለት አባላቱ አብረው የሚቆጥቡበትና የሚበደሩበት የቁጠባና ብድር ማህበር ነው። የማህበሩን ስም አልጠራም፣ አንድም ማስታወቂያ እንዳይመስል ሁለትም የምወቅሰው ነገር ስላለኝ፣ ገበያው አካባቢ የምትነግዱና መምህራን የሆናችሁ ግን ትንሽ እንዳነበባችሁ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ አገልግሎቱ። ስትገቡ የመመዝገቢያና የዕጣ (የአባልነት ድርሻ) ብር ትከፍላላችሁ፣ ከዛ በየወሩ መደበኛ ቁጠባ አለ፣ ከሱ በላይ በፍላጎት መቆጠብም ይቻላል። የተወሰኑ ወራት ሳታቋርጡ ከቆጠባችሁ በኋላ የቆጠባችሁትን ሦስት እጥፍ ድረስ መበደር ትችላላችሁ፣ የቤት ካርታ አምጣ የለ፣ ሊብሬ አምጣ የለ፣ ዋስ የሚሆኗችሁ ሁለት አባላት ይዛችሁ መምጣት ነው በቃ። እኔ የፎቶ ኮፒ ማሽኔን የገዛሁት በዚህ ብድር ነው፣ ባንክ ብሄድ ለዛች ብር ስል ምን አስይዤ ነበር? የቁጠባ ወለዱም ባንኮች ከሚሰጡት ዝቅተኛው 7 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዓመቱ ሲዘጋ ደሞ ኦዲት ተደርጎ መጠባበቂያው ከተቀነሰ በኋላ የትርፍ ክፍፍል አለ። ብዙ አትጠብቁ፣ ለበዓል ዶሮ ይሆናል።

መጥፎው ጎን አፕ ምናምን የሚባል ነገር የለም። በቴሌብር መክፈል ይቻላል ግን ከፍላችሁ ስታበቁ ደረሰኙን ይዛችሁ ቢሮ ሄዳችሁ ደብተራችሁ ላይ ካላስመዘገባችሁ እንዳልከፈላችሁ ነው የሚቆጠረው፣ ታዲያ በቴሌብር መክፈሉ ምን ዋጋ አለው? ብያቸዋለሁ፣ "እየተሰራበት ነው" ነው መልሱ ሁሌ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሚሰራው ሒሳብ ሠራተኛዋን ካልቆጠርን ደሞዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ነው። የስራ አመራር ኮሚቴው፣ የብድር ኮሚቴው፣ ቁጥጥር ኮሚቴው፣ ሁሉም ከስራ መልስ የሚሰበሰቡ ናቸው፣ መምህር አለ፣ ባለሱቅ አለ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አሉ፣ አበል የምትባለዋ ነገር እንኳን ጠቅላላ ጉባኤው ሲፈቅድ ነው የምትገኘው፣ እሷም የባጃጅ ብር ሸፍና የምትተርፍ አይመስለኝም።

አንድ እናት አሉ፣ እትዬ ብቻ ልበላቸው፣ ስማቸው ሲነሳ ያፍራሉ። ማህበሩ ቢሮ ባልነበረው ጊዜ ሳጥኑ እሳቸው ቤት ነበር የሚያድረው፣ ቁልፉ ሦስት ሆኖ ሦስት ሰው ጋ ተቀምጦ፣ አንዱ ከጠፋ ሳጥኑ አይከፈትም። ከዛ በኋላ ብድር ኮሚቴ ገቡ። ዓሣ የሚነግድ ጎረቤት አለኝ፣ ዓሣውን የሚያመጣው በፎገራ በኩል ካለው ዳርቻ ነበርና እንቦጩ መረቡን እየያዘ ሲያስቸግር ብድሩን መክፈል አቋረጠ። ሌላ ቦታ ቢሆን ደብዳቤ፣ ከዛ ዋሶቹን መጥራት፣ ከዛ ክስ ነው። እትዬ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በራሳቸው ባጃጅ ገበያ መጥተው የቢራ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና ቀረሶውን ሲገፍ እያዩት ቆዩ፣ ስለ ብድሩ አንድም ቃል ሳያነሱ። "በቀን ስንት ትሸጣለህ ልጄ? ለበረዶ ስንት ይወጣል? ቅዳሜስ?" እያሉ ጠየቁት፣ ሲጨርሱ "በወር በወር መክፈሉ ላንተ አይሆንም፣ በሳምንት በሳምንት አድርገው፣ ኮሚቴው ጋ እኔ አቀርበዋለሁ" አሉት። አቀረቡለት፣ ከፍሎ ጨረሰ፣ አሁን ጭራሽ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኗል።

ታዲያ ዘንድሮ "ለረጅም ዓመታት በበጎ ፈቃድ ላገለገሉ መሪዎችና አባላት ዕውቅና" የሚል ፕሮግራም ይኖራል ሲባል ደስ አለኝ በጣም። ጊዜውም ጥሩ ነበር፣ ጥቅምት ውስጥ ከጠቅላላ ጉባኤው ጋር። ዓለም አቀፉ የቁጠባና ብድር ማህበራት ቀን ከ1948 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) በኦክቶበር ሦስተኛው ሐሙስ ስለሚከበር እኛ ጋ ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ይውላል፣ ከሱ ጋር አያይዘውት ነው።

ጋቢውን ላመስግን መጀመሪያ። የእጅ ስራ ነው፣ ድርቡ አራት ሆኖ በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ጥለቱ ጠበብ ያለ፣ ሲያለብሷቸው ከሩቅ ክብደቱ ይታያል፣ ማን ሸማኔ እንደሰራው ጠይቄ ልነግራችሁ አስቤ ነበር አልተሳካም። የጣናን ዳር ሙቀት የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በስድስት ሰዓት ቆርቆሮ ጣራ ስር ጋቢ መደረብ ቅጣት ነው፣ ግን አንዳቸውም አላወለቁም፣ ላባቸውን እየጠረጉ ቁጭ አሉ።

ሰርተፍኬቱ ግን! እኔ ከወረቀት ጋር ነው የምውለው፣ ስለዚህ አዝኛለሁ። ወረቀቱ ስስ፣ ዙሪያው ያ ሁሉም ጋ ያለው ወርቃማ ሐረግ፣ መሀሉ ላይ "ለማህበራችን ዕድገት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ" ይላል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት። ሳጥን ቤታቸው ላሳደሩትም፣ ለማህበሩ መሬት ተሟግተው ላስገኙትም፣ አንድ ዓመት ሰብሳቢ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ለተዛወረውም ያው አረፍተ ነገር። ከስሩ "ከ........ እስከ ........ ዓ.ም" የሚል አለ፣ ነጥብ ነጥቡ ላይ የሁለቱ ሰዎች ባዶውን ነው የተሰጣቸው፣ የሚሞላ አልተገኘም። ኅትመት ቤቱ የሰጡትን ነው ያተመው ይባል ይሆናል፣ እኔ ብሆን ግን "ዓመቱን ንገሩኝ" ብዬ ሳልደውል አላትምም። መስታወት ዋንጫውም ከአዲስ አበባ ታዞ የመጣ ነው፣ ያምራል፣ ጽሑፉ ግን ከማህበሩ ስም ውጪ የተሸላሚውን ስም እንኳን የለውም።

አዳራሹ ላይ ብዙ አልልም፣ ሐይቁ ዳር ነው፣ ነፋስ አለው፣ ድምጽ ማጉያው ያፏጫል። አንድ ነገር ግን አሳቀቀኝ፣ የፊተኛው ረድፍ ለክብር እንግዶች ተይዞ ተሸላሚዎቹ ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጡ። የማን ክብር ቀን ነው ታዲያ? ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል የተባለው አራት ሰዓት ተጀመረ፣ ከዛ ንግግር፣ ከዛ ሌላ ንግግር፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ፓወር ፖይንት፣ ሽልማቱ ደርሶ ስም ሲጠራ ሁሉም ሰው ዓይኑ ምግቡ ላይ ነበር፣ ፎቶ፣ ጭብጨባ፣ ቀጣይ።

ለተሸላሚዎቹ ማይክ አልተሰጠም። አንድ ጋሼ ብቻ፣ ድሮ ሰብሳቢ የነበሩ፣ ፎቶ ከተነሱ በኋላ ከመድረክ መሪው ላይ ማይኩን ወሰዱት። ሊያመሰግኑ ነው ብለን ስንጠብቅ "የብድር ጊዜያችሁን አታሳልፉ፣ አሁን እዚህ ከተቀመጣችሁት መሀል ያለፈባችሁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም" ብለው መለሱለት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ከኋላዬ አንዱ "እኔን ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ። የፕሮግራሙ ምርጥ ደቂቃ እሷ ነበረች፣ ያልታቀደችዋ።

ምግቡ ጥሩ ነው፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ጽጌን ለሚጾሙት ተጋቢኖ ለብቻው፣ ሰልፉ ግን እንግዳ ይቅደም ተብሎ ለሽማግሌዎቹ የደረሰው ጉላሹ ሲቀዘቅዝ ነው።

ከሁሉ የከነከነኝ ስም ዝርዝሩ ነው። ሕጉን ለማታውቁት፣ የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ 985/2009 የስራ አመራር ኮሚቴን ዘመን 3 ዓመት አድርጎ ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ መመረጥን ይከለክላል፣ ጥሩ ሕግ ነው፣ ወንበር ላይ መጣበቅ የለም። ግን በዚህ ምክንያት እኛ ጋ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ማለት ስራ አመራር ላይ ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ቁጥጥር የገባ፣ ከዛ ብድር ኮሚቴ፣ ከዛ ደሞ ቅስቀሳ ብላችሁ ላኩኝ ያለ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ዝርዝሩን ያወጡት ከድሮ ሰብሳቢዎች ፎቶ ነው መሰለኝ፣ ምክንያቱም ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ በየሩብ ዓመቱ ጥሬ ገንዘቡን ድንገት እየመጣ የሚቆጥር፣ ደረሰኝ በደረሰኝ የሚያመሳክር አንድ መምህር አለ፣ ሰው ሁሉ "ጠርጣራው" እያለ የሚቀልድበት፣ እሱ የለበትም። ጎረቤት ያሉ ማህበራት ገንዘብ ጎደለ ሲባል የኛ ያልጎደለው በሱ ጥርጣሬ ነው። ሰውየው አዳራሹ ውስጥ ነበር፣ ወንበር ሲያመላልስ።

ይሄ ነገር ደሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም እኮ፣ ሥራው ከጥንቱ በነፃ የሚሠራ ነው። ጀርመን ውስጥ ራይፋይዘን በ1864 (በፈረንጅ) ሄደስዶርፍ ላይ የገበሬ ማህበሩን ሲያቋቁም ኮሚቴው ደሞዝ አይበላም ብሎ ነው የጀመረው፣ የሚከፈለው ሒሳብ ያዡ ብቻ። ካናዳ ኬቤክ ውስጥ ሌቪ ላይ አልፎንስ ዴዣርደን በ1900 የዛን አገር የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማህበር ሲመሠርት ቢሮው ቤታቸው ነበር፣ እሱ ኦታዋ ፓርላማ ለስራ ሲሄድ ሳጥኑንም ደብተሩንም ይዛ የምታስተዳድረው ሚስቱ ዶሪሜን ነበረች፣ ቁጭ የኛ እትዬ። እኛ አገርም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 (አሁንም በፈረንጅ) ያቋቋሙት ነው። አሜሪካኖቹ የቁጠባና ብድር ማህበራት መሪ በነበረው በኸርብ ዌግነር ስም የሚሰጡት ሽልማት አላቸው፣ የዕድሜ ልክ አገልግሎት የሚባል ዘርፍም አለው፣ እዛ ተሸላሚው ምን እንደሠራ በጥቆማ ጽሑፍ ተዘርዝሮ ነው የሚቀርበው። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ መጻፍ ነው፣ ስንት ዓመት፣ የትኛው ኮሚቴ፣ ምን ችግር ፈታ፣ ያንን መድረክ ላይ ማንበብ። እትዬና የዓሣው ታሪክ ቢነበብ የፓወር ፖይንቱን ሰዓት ግማሽ አይወስድም ነበር፣ አዲስ የገቡት ልጆችም ብድር ኮሚቴ ማለት ምን እንደሆነ ይገባቸው ነበር፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር "እኔ አይመቸኝም" እያሉ እጃቸውን የሚሰበስቡት እኮ ስራውን ስለማያውቁት ነው።

ወጪውም ይነሳ። የኛው ብር ነው፣ ሪፖርቱ ላይ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል፣ አንድ አባል ጠይቆ ዝርዝሩ በኋላ ይቀርባል ተባለ። ለነዚህ ሰዎች ቢወጣ ማንም አይቆጨውም፣ ግን ራሱን የቻለ የዕውቅና በጀት ብላችሁ ጉባኤ ላይ አስጸድቁት፣ ለአዳራሽ ይሄን ያህል፣ ለጋቢ ይሄን ያህል ብላችሁ። ከኔ ብትጠይቁኝ አዳራሹን ትቼ ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥዬ ጋቢውን ለቁጥጥር ኮሚቴዎቹም ጭምር እገዛበት ነበር።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ብድሩ ከአምስት አራት፣ ቴሌብሩ አንድ፣ የምስጋና ፕሮግራሙ ሁለት፣ ጋቢው አምስት። ግቡ ነው የምላችሁ፣ እኔም አልወጣም። መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከወዲሁ አናግሩት፣ ብቻ የመምህራን ደሞዝ በገባበት ሳምንት እንዳትሄዱ፣ ወረፋው ደረጃው ድረስ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም ብቻዋን ናት።