አልጠጣም ያለችውን ጓደኛዬን ላከበሩልኝ አስጎብኚ

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር አንድ የወይን እርሻ ሄደን ነበር። እርሻውና የወይን ጠጅ መጥመቂያው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ይህን የምጽፈው ያስጎበኙንን ሰው ለማመስገን ነው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አላወጣም። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ከማሳ እስከ ጠርሙስ ያለውን ሥራ በእጃቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ጓደኛዬ አልኮል አትጠጣም። እርሻ ግን ነፍሷ ነው፤ ተክል ካየች ከዚያ የሚያንቀሳቅሳት የለም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አብረን ሄደን በጣም ቅር ብሎን ተመልሰናል። «አልጠጣም» ስትል አስተናጋጁ ብርጭቆዋን አነሳና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላናገራትም። የከፈልነው እኩል ነበር፤ እሷ ግን ዳር ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስለዚህ ዘንድሮ «እንሂድ» ስላት ብታመነታ አልፈረድኩባትም።

እኒህ ሰው ገና በር ላይ ሲቀበሉን ማን እንደሚጠጣና ማን እንደማይጠጣ ጠየቁን። ጓደኛዬ ፈራ ተባ እያለች «እኔ አልጠጣም ጋሼ» አለቻቸው።

«ምንም አይደል ልጄ፣ አንቺ ዛሬ በጥርስሽና በአፍንጫሽ ነው የምትቀምሺው» አሏት። ያሉትንም አደረጉ።

ከማሳው ጀመርን። ጥቁሩ ወይን ለለቀማ ተቃርቧል። ከአንዱ ዘለላ ላይ አንድ ፍሬ ቀጠፉና ጓደኛዬ መዳፍ ላይ ጨመቁት። የወጣው ጭማቂ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ሁለታችንም ተያየን። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቀይ ወይን ጠጅ የሚቀላው ጭማቂው ቀይ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ሲቆይ ቀለሙን ይወስዳል። ጥቁር ወይን ቶሎ ተጨምቆ ልጣጩ ከተለየ ነጭ ወይን ጠጅ ይወጣዋል።

ቀጥለው ልጣጩን ለብቻው አስኘኳት፤ ከዚያ ዘሩን። ፊቷ ተኮማተረ። ድድ የሚይዘው፣ ምላስ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ይባላል። ቀይ ወይን ጠጅ የሚወዱ ሰዎች ሁሌ የሚያነሱት እሱን ነው። እሷም ጠብታ ሳትጠጣ አወቀችው። ዘሩ ደግሞ ሌላም ነገር ይናገራል። ፍሬው ሲበስል ዘሩ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ሲነከስም ቀጭ ይላል። ለቃሚዎች መድረሱን ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ስኳሩን የሚለኩት ሬፍራክቶሜትር በምትባል፣ በአንድ ዓይን በምትታይ አነስተኛ መሣሪያ ነው። አንድ ጠብታ ጭማቂ ላይዋ ላይ ጠብ ይደረግና ወደ ብርሃን ተዙራ ትታያለች። መሣሪያዋን ለጓደኛዬ ሰጧት። «22» ብላ አነበበች። ከ100 ግራም ጭማቂ ውስጥ 22 ግራም ያህሉ በአብዛኛው ስኳር ነው ማለት ነው። በአንድ ሊትር 17 ግራም ገደማ ስኳር 1 በመቶ አልኮል ስለሚሰጥ፣ ይህ ወይን ቢጠመቅ ወደ 13 በመቶ እንደሚጠጋ አብረዋት አሰሉ። ስሌቱን የጨረሰችው እሷ ናት።

ወደ መጥመቂያው ስንደርስ ግን በር ላይ አስቆሙን። ቀድሞ የደረሰው ነጭ ወይን ተለቅሞ እየፈላ ነበር። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከአየር ስለሚከብድም ወደ ታች ይጠራቀማል። ያልተናፈሰ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ማናፈሻው መሥራቱን አይተው፣ የጋዙን መለኪያ አንብበው ነው ያስገቡን። እንግዳ ቸኩሏል ብለው ይህን አለመዝለላቸው እምነት እንድጥልባቸው አድርጎኛል።

«እሳት ሳይነድ ምን ያፈላዋል?» አለች ጓደኛዬ። ጥያቄዋ ደስ አላቸው። የሰው ልጅ ወይን ጠጅ ሲጠምቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን ሉዊ ፓስተር በሙከራ ያሳየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ነገሯት። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ከበዛ መዓዛው ይጠፋል፤ ስለዚህ ነጩን ያቀዘቅዙታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ጆሯችንን በርሜሉ ጎን ላይ አስጠግተን ሰማነው። እንደሚፍለቀለቅ ለስላሳ ይንሾካሾካል።

ቅምሻው ላይ ለእኔ ሦስት ብርጭቆ ተቀዳ። ለእሷም ሦስት። እንድታሸተው ብቻ የእኔኑ ወይን ጠጅ በጥቂቱ ቀዱላት፤ አጠገቡ ደግሞ በዚያው ጠዋት የተጨመቀና ገና መፍላት ያልጀመረ ቀዝቃዛ የወይን ጭማቂ አስቀመጡላት። ብርጭቆውን አዙሮ ማሽተት አስተማሯት። ሁለተኛው ላይ «የሎሚ ልጣጭ ይሸተኛል» አለች። እኔ እስክትለው ድረስ አልታወቀኝም ነበር። እሳቸው ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። የጓደኛዬን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት!

የቀመሱት የሚተፋበት ዕቃም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀምሶ መትፋት ነውር እንዳልሆነ፣ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት እንደሆነ ነግረውኛል። ግዙ ብሎ ያጨናነቀን የለም። ስንመለስ መኪናውን የነዳችው ጓደኛዬ ናት።

የወይን እርሻ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ ከመካከላችሁ የማይጠጣ ሰው ካለ፣ እንዲህ ያለ አስጎብኚ ፈልጉ። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚሰጧችሁ መልስ ብዙ ነገር ያሳያል። ከማሳው ጀምሩ። የተሸፈነ ጫማና ኮፍያ አትርሱ። ለኃላፊዎቻቸውም ስለ እኒህ ሰው በጽሑፍ አመስግኜ ልኬአለሁ፤ የእንጀራቸው አለቃ ሊያውቀው የሚገባ ሥራ ነው የሠሩት።

ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረስዎት ከልብ እናመሰግናለን። እድሜና ጤና ይስጥልን። የጥቁሩ ወይን ለቀማ ፍሬው ሳይሞቅ፣ ሊነጋጋ ሲል እንደሚጀመር ነግረውን ነበር። ጓደኛዬ እኔን ሳትጠይቀኝ የሁለታችንንም ስም አስመዝግባለች።