በኪሎ የሚለቀም ካርቦን፦ የክላይምወርክስ ወርኃዊ ክፍያ ያዋጣል?

ዙሪክ ያላችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው ይህን የምጽፈው። «ያ ከአየር ላይ ካርቦን የሚለቅመው ድርጅት፣ በየወሩ የምትከፍይው፣ የእውነት ይሠራል ወይ?» ትሉኛላችሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ማጣሪያው ይሠራል። ዋጋው ውድ ነው። እኔ ግን መክፈሌን አላቆምም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሥራዬ የሕንፃ አየር ማናፈሻ ጥገና ነው። ከማጣሪያና ከፋን ጋር ነው የምውለው፤ ስለዚህ የማየውም በዚያ ዓይን ነው።

የክላይምወርክስ አገልግሎት ቀላል ነው። ድረ ገጻቸው ላይ ገብታችሁ ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያዝላችሁ እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ፤ በካርድ ትከፍላላችሁ፤ በስማችሁ ሰርተፊኬት ይመጣል። እኔ ስጀምር አንዱ ኪሎ ወደ 1 ዩሮ ገደማ ነበር። ቶኑ 1,000 ዩሮ አካባቢ መጣ ማለት ነው። ከዚህ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በረራ፣ በኢኮኖሚ የአንድ ሰው ድርሻ 1 ቶን አካባቢ ነው። እንግዲህ የበረራችሁን ጭስ ለማስለቀም ከቲኬቱ የማይተናነስ ገንዘብ ታወጣላችሁ። ደግሞ ዛሬ የከፈላችሁበት ኪሎ ዛሬውኑ አይለቀምም። ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ድርጅቱን በ2009 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ክሪስቶፍ ጌባልድ እና ያን ቩርዝባኸር ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ዙሪክ ኢ.ቴ.ሃ. በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። በ2017 ሂንቪል በሚገኘው የቆሻሻ ማቃጠያ ጣሪያ ላይ 18 ማሽኖች ተክለው ነበር። ሙቀቱን ከሚቃጠለው ቆሻሻ ያገኙ ነበር፤ የያዙትን ጋዝ በቧንቧ አጠገቡ ላለው የአትክልት ቤት ይሰጡ ነበር። ቲማቲምና ኪያር ይበቅልበት ነበር። ግን ቲማቲሙ ተበልቶ ጋዙ ተመልሶ አየር ውስጥ ይገባል። ለዘለቄታው ለመቅበር ወደ አይስላንድ ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ማጣሪያው ልግባ።

አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። ከ10,000 ሞለኪውል 4 ብቻ! የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ ከሆነ ግን ከ100 ውስጥ ከ10 በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተራ አየር መልቀም ማለት እጅግ ብዙ አየር በማጣሪያ ማሳለፍ ማለት ነው። የእኔን ሙያ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ማጣሪያውን ጥቅጥቅ ካደረጋችሁት ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን አየሩ አላልፍም ይላል፤ ፋኑ መብራት ይበላል። ካሳሳችሁት አየሩ እንደልቡ ያልፋል፤ የሚያዘው ግን ያንሳል። ጨዋታው ሁሉ እዚህ መካከል ነው።

የሚለቅመው ነገር አሚን የሚባል ኬሚካል ነው፤ ጠጣር ነገር ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ የአሲድ ጠባይ አለው፣ አሚን ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው የቤዝ፤ ሲገናኙ ይያያዛሉ። ማጣሪያው ሲሞላ ያለበት ሣጥን ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው አየር ይመጠጣል፣ ከዚያ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ያኔ አሚኑ የያዘውን ይለቃል፤ ጋዙ ለብቻው ይሰበሰባል፤ ማጣሪያው ቀዝቅዞ እንደገና ሥራ ይጀምራል።

ችግሩ ደግሞ ኦክስጅን ነው። አሚን ሙቀትና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ቀስ በቀስ ይበላሻል። እርጥበትም አለ፤ ማጣሪያው ውሃ ከያዘ ያንን ለማትነን ተጨማሪ ሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ አዲስ ማጣሪያ መጣ ሲባል የመጀመሪያ ቀን ስንት እንደያዘ ብዙም አያስደንቀኝም። እኔ የምጠይቀው ሺህ ጊዜ ሞቆ ሺህ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ስንት ይይዛል ብዬ ነው። ዕድሜው ያጠረ ማጣሪያ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ኪሳራ ነው።

ለዚህ ነው በሰኔ 2024 ይፋ ያደረጉትን ሦስተኛ ትውልድ ማጣሪያ በጉጉት የተከታተልኩት። የድሮው እንደ አልጋ የተነጠፈ ፍሬ ፍሬ ነገር ነበር። አዲሱ የራሱ ቅርጽና መተላለፊያ አለው፤ አየሩ ሳይታነቅ ያልፋል፣ ከማጣሪያውም ጋር በደንብ ይገናኛል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ቀንሷል፣ አንዱ ማሽን የሚይዘው በእጥፍ ጨምሯል፣ የማጣሪያው ዕድሜም ሦስት እጥፍ ሆኗል። ከሦስቱ እኔ የምወደው የመጨረሻውን ነው። በተግባር ከተረጋገጠ ዋጋውን የሚሰብረው እሱ ነው።

ሌሎችም አሉ። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካልፍ 20 የሚባል ከዚንክ የተሠራ ባለ ቀዳዳ ማጣሪያ አላቸው፤ እርጥበት ስለማይበግረው ለፋብሪካ ጭስ ሆኗል፣ ካናዳ ውስጥ ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ተሞክሯል። አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኬሚስቱ የኦማር ያጊ ቡድን ደግሞ በ2024 ኮፍ 999 የተባለውን ማጣሪያ አወጣ። 60 ዲግሪ ላይ ብቻ ሞቆ ይለቃል፤ 100 ጊዜ ደጋግመውት አቅሙ አልቀነሰም። ያጊ ከሱሱሙ ኪታጋዋ እና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል የወሰደው በዚሁ የባለ ቀዳዳ ቁሶች ሥራ ነው። እነዚህ ግን በኪሎ ከፍላችሁ የምትገቡባቸው አገልግሎቶች አይደሉም።

ገንዘቤ የት እንደሚገባ ለማየት አይስላንድ ሄጃለሁ። ቦታው ሄሊሼይዲ ይባላል፣ ከሬይካቪክ በመኪና ቅርብ ነው። ከመኪና ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ነፋሱ ነው፤ ቀጥሎ የድኝ ሽታ። የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫው እዚያው ነው፤ ማሽኖቹ መብራቱንም ሙቀቱንም የሚያገኙት ከእሱ ነው። ለጎብኚ የተዘጋጀው አዳራሽ ውስጥ ከምድር ተቆፍሮ የወጣ የባዛልት ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጥቁር ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር ተሞልቷል። ያ ነጩ ነው ጋዝ የነበረው! ካርብፊክስ የሚባለው ድርጅት ጋዙን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ወደ ምድር ይልከዋል፤ ባዛልቱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ይሆናል። የመጀመሪያው ሙከራቸው ላይ ከ95 በመቶ በላዩ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ድንጋይ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ደን እንደሚቃጠለው ተቃጥሎ አይመለስም።

እዚያ ቆሜ አሉቶ ላንጋኖን አሰብኩ። ስምጥ ሸለቆአችን እንፋሎቱም ባዛልቱም አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ባለሙያዎች ደግሞ የሠለጠኑት አይስላንድ ነው። ማጣሪያው ሲረክስ ይህ ሥራ ወደ እኛም ሊመጣ የሚችል ነው፤ ከልቤ ነው የምለው።

ቅሬታውን አልደብቅም። ኦርካ የተባለው ጣቢያቸው በ2021 ሲከፈት በዓመት እስከ 4,000 ቶን እንዲይዝ ታስቦ ነው። በ2024 ሥራ የጀመረው ማሞዝ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ 36,000 ቶን ተብሏል። በግንቦት 2025 ግን ሄይሚልዲን የተባለው የአይስላንድ ጋዜጣ በተግባር የተያዘው ከታቀደው በጣም ያነሰ መሆኑን ጻፈ። በዚያው ወር ድርጅቱ ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ። ስሰማ ከፍቶኛል። የእኔም ኪሎዎች ወረፋ ላይ ናቸው። ለነገሩ 36,000 ቶን ሙሉውን ቢያዝ እንኳ ዓለም በግማሽ ደቂቃ አካባቢ የሚለቀው ነው። መጠኑን በዚህ ለኩት።

ባህር ዳር ያለችው አክስቴ ይህን ስነግራት «ልጄ፣ በዚህ ብር ለስንት ቤት ምርጥ ምጣድ ይገዛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ ከሦስት ጉልቻው አንጻር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ የጋጋሪዋም ዓይን ከጭስ ያርፋል። ስለዚህ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ለምጣዱ ይስጥ። ምጣዱ ገና ያልወጣውን ጭስ ያስቀራል። አየር ላይ የወጣውን ግን አይመልስም፤ ለእሱ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ማጣሪያ ደግሞ የሚሻሻለው ሲሠራበት ነው። እኔ የምከፍለው ለኪሎው አይደለም፤ የሚቀጥለው ማጣሪያ ከአሁኑ እንዲሻል ነው።

መኪናችሁን ቀንሳችሁ፣ ቤታችሁን አስተካክላችሁ፣ ትንሽ የተረፋችሁ ካለ በትንሽ መጠን ጀምሩ። የበረራ ጸጸታችሁን ለማጥፋት ብቻ ከሆነ አልመክርም። ለማጣሪያው ከ5 4 እሰጠዋለሁ፤ ለማከማቻው 5፤ ለዋጋው 2። ለመረጃው 3 ነው። ደንበኛ ሲገባ የሚያየው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ በየወሩ ስንት ቶን እንደያዘ፣ ስንት ማጣሪያም ተቀይሮ እንደተጣለ ይጻፍልን። ያንን ቁጥር ባየሁ ቀን የማስይዘውን ኪሎ እጨምራለሁ።