ፈረንጅ አራዳ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይዞ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት አለ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፈውም። ሳላመሰግነው ግን አላልፍም።

ቤታችን ያለው ዴስክቶፕ ያረጀ ነው። ተከፍቶ እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። ሌላ ቦታ ወስጄው «ይሄማ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ» ተብዬ ነበር። እሱ ግን ከፍቶ አየው። ፋኑን አቧራ ጠቅጥቆታል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት የሚያስተላልፍ ፔስት ደርቋል። ምንም ከመንካቱ በፊት የቤተሰብ ፎቶዎቻችንን ገልብጦ አስቀመጠ። ዋጋውን ቀድሞ ነገረኝ፤ ሲጨርስም የጠየቀኝ ያንኑ ነው። ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ ቀይሮ አሮጌውን በእጄ ሰጠኝ። ዊንዶውስ ስለሚከብደው በሱ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ልጫንበት አለኝ፣ እሺ አልኩት።

የልጆቼ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ማሪዮ። በካሴት ቲቪ ጌም ማሪዮን እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት፤ ስለሱ ሳወራላቸው ሰምተዋል። ብዙ ቦታ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ነገር ከነቫይረሱ ይጭኑላችኋል። እሱ ግን «እትዬ፣ ማሪዮ የኒንቴንዶ ንብረት ነው። እሱን አይተው የሠሩት ነፃ ጌም አለ፣ ያንን ልጫንላቸው» አለኝ። ሱፐርተክስ ይባላል።

ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ሱፐርተክስን ያየ ሰው ከማን እንደተወለደ ወዲያው ያውቃል። መሮጥ፣ መዝለል፣ ሳጥን በራስ መትቶ ሳንቲም ማውጣት፣ ጠላትን መርገጥ፣ ሁሉም አለ። ጀግናው ተክስ ነው፣ የሊኑክስ ምልክት የሆነው ፔንግዊን። ኖሎክ የሚባል ክፉ ፍቅረኛውን ፔኒን ጠልፎበት ሊያስመልሳት ይወጣል። ማሪዮ እንጉዳይ በልቶ እንደሚያድግ ተክስ እንቁላል ሲያገኝ ያድጋል። የእሳት አበባውም አልቀረም። የበረዶ ጡብ የሚመስለውን ጠላት ከረገጣችሁት በኋላ አንስታችሁ ሌላው ላይ ትወረውሩታላችሁ፤ ልክ እንደ ማሪዮ ኤሊ። እኔን በጣም ደስ ያለኝ ሲሞቱ ሳንቲም ይቀነስባቸዋል እንጂ ነፍስ አልቆ ከዜሮ አለመጀመራቸው ነው። እኛ እኮ መጨረሻው ላይ ደርሰን ስንት ጊዜ አልቅሰናል!

ጌሙን የጀመረው ቢል ኬንድሪክ የሚባል ፕሮግራመር ነው። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ሲያሳድጉት ኖረዋል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም አውርዶ ለጓደኛው ቢሰጥ ሕገ ወጥ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ለዚህ ነው። ጌሙ ውስጥ የራስን ደረጃ መሥሪያ አለ። ሥራውን ጨርሶ ሂሳቡንም ከተቀበለ በኋላ ወንበር ስቦ ለልጄ አሳያት። መሬቱን እንዴት እንደምትዘረጋ፣ ሳንቲሙን የት እንደምታስቀምጥ። ቤት ወስዳ ስትሠራ ሰነበተችና በፍላሽ ይዛለት ሄደች። ደንበኛ እየጠበቀው ተቀምጦ ተጫወተው። «ይሄ ገደል በጣም ሰፍቷል፣ ማንም አይዘለውም። ጥበቢው፣ ወይም መሃሉ ላይ መርገጫ አድርጊለት» አላት። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገራት። እሷም መርገጫውን አደረገችለት፤ አሁን ወንድሟ ያንን ገደል እየዘለለ ነው የሚውለው። ልጅን በዚህ መልኩ የሚያስተናግድ ባለሙያ ብርቅ ነው።

ኮምፒውተር የተበላሸባችሁ ያለ ስጋት ውሰዱለት። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይዘገያል፣ ቅዳሜም ሰው ይበዛበታል፤ በአዘቦት ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። አድራሻውን ለፈለገ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ልጆች ያሏችሁ ሱፐርተክስን ጫንልን በሉት፣ ለጌሙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወንድሜ፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ።