የመጨረሻዋ ቦታ፦ ሁለተኛ 9 ቁጥር ወይስ ሁለገብ ተጫዋች?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ በዝርዝሩ የሚያስመዘግበው ቢበዛ 25 ተጫዋች ነው፤ ከእነዚህ መካከል የአገር ውስጥ እድገት መስፈርቱን (በወጣትነት በእንግሊዝ ወይም በዌልስ ክለብ ማደግን) የማያሟሉት ከ17 መብለጥ አይችሉም። የደጋፊው ክርክር የሚጦፈው በመጨረሻዋ ቦታ ላይ ነው፦ ለሁለተኛ 9 ቁጥር (ለተጠባባቂ የመሀል አጥቂ) ወይስ ለሁለገብ ተጫዋች ትሰጥ?

ሁለገቡ ተጫዋች የቀኝ ተከላካይም የተከላካይ አማካይም ሆኖ ይሸፍናል፤ ተጠባባቂ ወንበሩ ውስን ስለሆነ አሰልጣኞች ይወዱታል። ችግሩ የሚታየው በመስመር ሲሰለፍ ነው። እንደ አማካይ ወደ መሀል ይሳባል፣ የተጋጣሚው ክንፍ ተጫዋችም ከጀርባው ሰፊ ሜዳ ያገኛል።

ሁለተኛው 9 ቁጥር የሚያስፈልገው ቡድኑ እየተመራ፣ ተጋጣሚም በሳጥኑ ውስጥ ተሰብስቦ ሲከላከል ነው። 70ኛው ደቂቃ ላይ ገብቶ ሁለቱን የመሀል ተከላካዮች ይዞ ሲያቆማቸው ለአማካዩ የሳጥኑ ጫፍ ይከፈትለታል፤ ከርቀት የሚመታው በነፃነት ነው። ይህ ሥራ በጎል ቁጥር አይታይም። እሱን በጠቅላላ ጎሉ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቢያንስ ጎሉ በተጫወተው በየ90 ደቂቃው ይሰላ!

የእኔ ምርጫ 9 ቁጥሩ ነው፣ በተለይ ዋናው አጥቂ ጉዳት የሚደጋገምበት ከሆነ። የመስመር ተከላካይነቱን ከአካዳሚ የመጣ ልጅ ሊሸፍነው ይችላል፤ ከ21 ዓመት በታች ያሉት ከ25ቱ ውስጥ አይቆጠሩም።